ቼሪ በፖስታ

ነጭ ሐይቅ፣ ምዕራብ ነብራስካ
ጥቅምት 12 ቀን 1926 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ማቴይ ሆሌቼክ፣

እንደምን ሰነበቱ? አክስቴ ፍራንቲሽካስ፣ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ሳልጽፍ የቆየሁት ረስቼዎት አይደለም። ከሠርጌ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል ማን ይናገር እያልኩ ስጠብቅ ነው ጊዜው የነጎደው። እርስዎ ቀደሙኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሳጥኑ ደርሷል ወይ ላሉኝ፣ ደርሷል። ጠርሙሶቹ ግን አልደረሱም ቢባል ይሻላል። የባቡር ሰዎቹ እንደ ገለባ ነዶ ነው የወረወሩት። የቼሪው ሽሮፕ አክስቴ የላከችልኝን አንሶላ አርሶ፣ ወደ ሳጥኑ ግርጌ ወርዶ ደርቋል። አንሶላው ባጥበው ባጥበው አልለቅ ብሎ የጀንበር መጥለቂያ መስሎ ቀረ፤ አልጋዬ ላይ አንጥፌዋለሁ። ጋደም ስልበት እናቴ የተከለቻቸው የቼሪ ዛፎች ሥር የተኛሁ ይመስለኛል። ቅጠሎቹ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ ግን የነጭ ሐይቅ ነፋስ ነው።

ስብርባሪውን ከለቀምኩ በኋላ የሳጥኑን ወለል በቢላ ፋቅሁት። እንደ ቀይ ሙጫ ቅርፊት ሆኖ ተነሣ። መጣሉ አልሆንልሽ አለኝ። በውኃ በጥብጬ፣ ጠርሙስ እንዳይኖርበት በወፍራም ጨርቅ ደጋግሜ አጠለልኩትና አንድ ጉንጭ ቀመስኩ። አባቴ፣ ቼሪ ሆነ! ያን ሁሉ መንገድ ተንከባሎ፣ ደርቆ፣ ተፍቆ፣ ያው ቼሪ ነው።

ስለ ውኃችን ለጠየቁኝ፣ ውኃ ነው፤ ይጠጣል። ባቄላ ግን አያበስልም፤ ቡናውም ሳሙና ሳሙና ይላል። የመሬቱ ጠባይ ነው እንጂ የጉድጓድ ቆፋሪው ጥፋት አይደለም።

ስለ ባሌ ስለ ኦሪን አልጠየቁኝም። ደህና ነው።

ልጅዎ ብላዤና

*

ቬልካ፣ ምሥራቅ ነብራስካ
ጥር 9 ቀን 1927

ልጄ ብላዤና፣

«እንደምን ሰነበቱ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሳነበው ከኋላዬ ሌላ ሽማግሌ የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። እኔ ድሮ «አንተ» ነበርኩ። ይሁን፤ የዘራሁትን ነው የማጭደው።

በገና ካርድሽ ላይ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ያ የሳጥን ፍቅፋቂሽ ዕረፍት ነሥቶኝ ነው የከረመው። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ በባቡር ስጭን ኖሬያለሁ! ውኃ እንደሆን አንቺም ዘንድ አለ። መላክ ያለብኝ ቼሪውን ብቻ ነው።

ወጥ ቤቱን ያዝኩት። መጀመሪያ ሽሮፑን ሳንተከትከው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። አክስትሽ ማማሰያዋን ከድስቱ ማላቀቅ ቢያቅታት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልትጠጣው ነው ወይስ ጣሪያ ልትመርግበት?» አለችኝ። ከዚያ በቀስታ አተነንኩት፤ መስታወት ላይ በስሱ አፍስሼ ከምድጃው በላይ አስቀመጥኩት። ሲደርቅ በእጅ ወፍጮ ፈጨሁት። ስኳርና እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ነጭ ዱቄት ጨመርኩበት። ስፈጨው ቀይ ጭጋግ ሆኖ ቤቱን ሞላው፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን እንኳ ቀላ። አክስትሽ ሳታውቀው ሽበቷ ሮዝ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቄሱ «እሜቴ፣ ልጃገረድ ሆኑሳ!» ብለዋት እስካሁን አኩርፋኛለች።

በዚህች ፖስታ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ቅመሺና ንገሪኝ። «ጥሩ ነው» ብለሽ እንዳትሸኚኝ። የሚቀድመው ስኳሩ ነው ወይስ ኮምጣጣው? ቼሪው የት ላይ ይመጣል? ምላስ ላይ ይቆያል ወይስ ወዲያው ይሄዳል? አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ባልሽም ከፈለገ ይጠጣ።

አባትሽ

*

ነጭ ሐይቅ
መጋቢት 3 ቀን 1927

ለተከበሩ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የበረዶው ክምር በሩን ይዞብን ስለነበር መልሴ ዘገየ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንዳዘዙኝ ልቤን ሰብስቤ ቀመስኩት። የሚቀድመው ኮምጣጣው ነው፤ መንጋጋ ይይዛል። ስኳሩ ዘግይቶ እየሮጠ ይደርሳል። ቼሪው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ከሩቅ መንደር እንደሚሰማ ደወል ነው፤ አለ ሲሉት የለም፣ የለም ሲሉት አለ። ኮምጣጣውን ቀነስ ያድርጉለት።

ለመጠጥ ብቻ ነው ወይ ቢሉኝ፣ ሰው ሲቸግረው ምን የማያደርገው አለ? እዚህ ፕለም የለ፣ እንጆሪ የለ፤ የኮላቼውን ጣፋጭ ዳቦ ጋግሬ መሃሉን የምሞላበት አጥቼ ነበር። የበቆሎ ስታርች በውኃ አማስዬ፣ ዱቄትዎን ነስንሼበት፣ ወፈር ሲል ሊጡ መሃል አስቀመጥኩት። ምድጃው ውስጥ እያንዳንዱ ኮላቼ ቀይ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ጎረቤታችን በላችና በመስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ «ዛፉን የት ደብቀሽው ነው?» አለችኝ።

አሁን የማያስደስትዎን ልንገርዎ። ኦሪን ከሥራ ሲገባ አንድ ብርጭቆ ሰጠሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«አባቴ የላከው ነው። የውኃውን ጣዕም ይሸፍናል» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው!

«ይሸፍናል? አባትሽ እዚያ ቁጭ ብሎ፣ ያ ጉድጓድ ቆፋሪ ለልጄ የሚጠጣ ውኃ እንኳ አላገኘላትም ነው የሚለኝ?»

በሩን ከፍቶ ደፋው። በረዶው ላይ ቀይ ሆኖ ቀረ፤ ዶሮዎቹ ለቀሙት። ከዚያን ቀን ወዲህ መቆፈሪያውን ሐይቁ ዳር ተክሎ፣ የሰው ሥራ ሲጨርስ የራሱን ይቆፍራል። ጣፋጭ ውኃ ሳላወጣ አላርፍም ብሏል።

«ባልሽም ከፈለገ ይጠጣ» ያሏትን አላነበብኩለትም። ባሌ ስም አለው፣ አባቴ። ከእንግዲህ በእኔ ስም ብቻ የሚመጣ ፖስታ አልከፍትም።

ልጅዎ ብላዤና

*

ቬልካ
ሚያዝያ 20 ቀን 1927

ብላዤና፣

ፖስታው ላይ «ለቤቱ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለጊዜው እጄ የታዘዘልኝ እዚህ ድረስ ነው።

በሠርግሽ ቀን ያልኩትን አስታወስሽኝ። አዎ፣ «ሰው ልጁን ለነፋስ አይድርም» ብያለሁ። ዛሬ እዚህ አድሮ ነገ ነፋስ በነፈሰበት ከሚጓዝ ጉድጓድ ቆፋሪ ጋር ስትሄጂ ምን እንድል ነበር የፈለግሽው? ይህን ማንሣት አልፈልግም።

ልትነግድበት ነው ወይ ብትይኝ፣ እኔ አላሰብኩም፤ ሰዉ ግን አሰበልኝ። የጣቢያው ሹም ሚስት አንድ ፖስታ ወስዳ ነበር፤ በሳምንቱ ጎረቤቶቿን ሁሉ ይዛ መጣች። አክስትሽ ሮዝ ሽበቷን ረስታ ፖስታ ስታሽግ ትውላለች፤ ዜማም ጀምራለች።

ኮምጣጣውን ቀንሻለሁ። ቢጫው አዲስ ነው፤ ሎሚ እንዲሆን ነው ያሰብኩት። ስለ እሱ በተለይ አምልተሽ ጻፊልኝ። አክስትሽን ብጠይቃት ሁሉም «ግሩም» ነው፤ እሷ ኮሶም ብሰጣት ግሩም ነው የምትል ሴት ናት።

ቼሪዎቹ አብበዋል ወይ ብትይኝ፣ አብበዋል። ንቦቹ ገብተውባቸዋል። ከሥራቸው ስቆም ነጭ ሆኜ እመለሳለሁ።

አባትሽ

*

ነጭ ሐይቅ
ሰኔ 14 ቀን 1927

አባቴ ሆይ፣

ቢጫው ጨው ነው።

ጎረቤቶቻችን የነፋስ መዘውር የሚያቆሙ ዕለት ሴቶቹ ሁሉ ያቅማችንን ይዘን ሄድን። እኔ ወተት በስታርች አማስዬ፣ ያን ሎሚ የተባለ ዱቄት ጨምሬ፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ የረጋ ጣፋጭ ይዤ ቀረብኩ። ሁሉም ዓይኑን ጣለበት። ከሁሉ ቀድመው የጎረሱት ፓስተሩ ናቸው። አልተፉትም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በግድ ዋጡና፣ «የሎጥ ሚስት ምን እንዳገኛት ዛሬ ገና ገባኝ» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ኦሪን ግን ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ሳቀ። ወርዶም ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «አባትሽ ለካ ቀልድ ያውቃሉ! እኔ ደግሞ ደረቅ ሰው መስለውኝ!» አለ። አይተውልኛል? «ያውቃሉ» ነው ያለው። ያን ዕለት ማታ ቀዩን ራሱ በጥብጦ ጠጣ።

በማግሥቱ ልብስ ሳጥብ ግን ሳቄ ጠፋብኝ። አባቴ ቀልደኛ አይደለም። አባቴ ሳይቀምስ ነገር ከቤቱ የሚያወጣ ሰው አይደለም። ልጅ ሆኜ ማማሰያውን ወደ አፌ እያመጣህ «የቱ ይቀድማል? የቱ ይቆያል?» የምትለኝ ሙያ ልታስተምረኝ ይመስለኝ ነበር። አሁንም በየደብዳቤው ያንኑ ትጠይቀኛለህ።

አባዬ፣ ቢጫውን ቀምሰኸው ነበር? ስትቀምሰውስ ምን አለህ? ከመቼ ጀምሮ ነው?

«እርስዎ» ማለቱን ዘንግቼዋለሁ። አሁን ላስተካክለው ብል ቀለሙ ደርቋል።

ብላዤና

*

ቬልካ
ሐምሌ 2 ቀን 1927

ልጄ፣ ነፍሴ፣

የሎጥን ሚስት ለአክስትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ወንበሯ ላይ ሆና ተንከተከተች። ቀጣዩን ገጽ ግን ይዤ ወጥቼ ዛፎቹ ሥር ብቻዬን አነበብኩት።

እናትሽን የወሰደው ትኩሳት ነው። እኔን ማረኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ሽታዬንና ጣዕሜን ይዞ ሄዷል። የቀብሯ ዕለት ዳቦ አጎረሱኝ፤ ሰም ነው። ኀዘን ነው፣ ይመለሳል አልኩ። አልተመለሰም። ማር ውፍረት ነው፣ በርበሬ ትኩሳት ነው፣ ቼሪ ደግሞ ፍሬና ውኃ ነው። ሽሮፕ የሚሠራ ሰው ምላሴ ሞተ ብሎ ለማን ይናገራል? ማማሰያውን ወደ አንቺ አመጣሁ። አንቺ ስትሄጂ ቤቴ ጨለመ። የተቆጣሁት በኦሪን ብቻ አልነበረም፤ ልጄንም ምላሴንም ይዞብኝ ነው የሄደው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በህልሜ እቀምሳለሁ። ዛፎቹ ከቤታችን ጣሪያ በላይ ረዝመው፣ ሥራቸው ወንዝ ሆኖ አያለሁ። እናትሽ መሰላሉ ላይ ናት፤ መሰላሉ ምንም አልተደገፈም። ፍሬውን ትወረውርልኛለች፤ አፌ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ያ ጣዕም ሙሉ ነው። ስነቃ እንደ ጤዛ ምላሴ ላይ ትንሽ ይቆያል፤ ዓይኔን ሳልገልጥ እይዘዋለሁ፤ ከዚያ ይተናል። እኔ ወጥ ቤት የምውለው ያን ጤዛ ወረቀት ውስጥ ለማሸግ ነው። መያዜንና አለመያዜን የምታውቂው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።

ስለዚህ ንገሪኝ፤ የዛሬው ቀይ እንዴት ነው?

የፖስታውን ፊት እዪው።

አባትሽ ማቴይ

*

ነጭ ሐይቅ
ኅዳር 6 ቀን 1927

አባዬ፣

«ለአቶ ኦሪን ቲግና ለወይዘሮ ብላዤና» የሚለውን ቆርጬ ከምድጃው በላይ ለጠፍኩት። ኦሪን ሲያልፍ ሲያገድም ያየዋል።

በመጨረሻ የላክኸው ቀይ ደርሷል። ስኳሩና ኮምጣጣው እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፤ ቼሪው ከመካከላቸው ወጣ። እናቴ የምትወረውረው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ ወዲያ አትነካካው።

ምን ምን አበሰልሽበት ላልከኝ፦ ቆቅ በቅቤና በሽንኩርት ጠብሼ፣ ዱቄቱን ከትንሽ አቼቶ ጋር አዋሕጄ አፈሰስኩበት። መረቁ ወፈረ፣ አብረቀረቀ፤ የጌቶች ማዕድ መሰለ። ኪያርም በአቼቶ ስዘፈዝፍ ጨመርኩበት፤ ፓስተሩ ሩቅ ቆመው አዩና «እናንተ ቅድሙኝ» አሉ። የተረፈውን በፈላ ውኃ በጥብጬ የበግ ጠጕር ነከርኩበት፤ ለክረምት ለኦሪን የአንገት ልብስ እየሠራሁ ነው። ሁሉ ነገር ነጭ በሆነበት አገር ቀይ ነገር መዳሰስ እንዴት ያሞቃል!

ኦሪን ለምን ራሱ አይጽፍልኝም ላልከው፣ እጁ ሥራ ይዞ ነው። ቁፋሮው እንዴት ነው ላልከው፣ ለጊዜው ቆሟል፤ ብርድ ነው። ቡናው ያው ነው። ጤናችን ደህና ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ እሱም ደህና ነው። ደህና ማለቴን ደጋገምኩት መሰለኝ። ደህና ነን።

ብላዤና

*

ቬልካ
ታኅሣሥ 1 ቀን 1927

ልጄ፣

ዛሬ ጣቢያው ላይ ጥቅሎቼን ሳስረክብ ከምዕራብ የመጣው የባቡር ሠራተኛ፣ «የአማችህ እጅ እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ሥራ ይዟል» አልኩት። ሰውዬው በአዘኔታ አየኝ። «የመቆፈሪያው ሽቦ ተበጥሶ ቀኝ እጁን የጎዳውን ሰው ነው የምልህ» አለ።

ለምን ደበቅሽኝ ብዬ አልጽፍም። «ብዬሽ አልነበረም?» እንዳልልሽ ፈርተሽ ነው። ደግ አደረግሽ፤ አምና ቢሆን እል ነበር። ያንን ጉድጓድ የጀመረው በእኔ ዱቄት ተናዶ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ስለዚህ የሚቀረው ቁፋሮ የእኔም ነው።

አክስትሽ ሥራውን ተረክባለች። «ሂድ፤ አንተ ከሌለህ ወጥ ቤቴን አገኛለሁ» ብላኛለች። ይህ ደብዳቤና እኔ በአንድ ባቡር ሳንመጣ አንቀርም። እሱ ከቀደመኝ፣ ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን ቦታ ምድጃው አጠገብ አስለቅቂ።

አባትሽ

*

ነጭ ሐይቅ
ግንቦት 17 ቀን 1928

አባዬ፣

በሰላም ገባህ ወይ? ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ሰፋብን። ኦሪን ያንተ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ድመቷን እንኳ ያስነሣታል።

አንተ አልሰማችም ብለህ ይሆናል፤ እኔ ግን በመስኮት ሁሉን እሰማ ነበር። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማችሁ፣ እሱ በግራ እጁ ከቱቦው የወጣውን ጭቃ ዘርግቶልህ፣

«አባባ፣ እስኪ ቅመሱት። ጨው አለው?» አለህ።

«ለእኔ ጭቃም ማርም አንድ ነው፣ ልጄ» አልከው።

ለካ ለእሱ አልነገርኩትም ነበር፤ ምሥጢርህ ነው ብዬ። ከዚያ ቆብህን ከዓይንህ ላይ ቀና አድርጎ አየህና፣ «ጣዕም የማያውቅ ጣፋጭ ሠሪና ጣፋጭ ውኃ የማያገኝ ጉድጓድ ቆፋሪ! ምስኪን ብላዤና፣ ከየት ለቀመችን?» አለ።

«እኔንስ አልመረጠችኝም» አልከው። «አንተን ግን ዓይኗ እያየ ነው።»

ስትስቁ ሐይቁ ላይ የነበሩት ዳክዬዎች ተነሡ። እኔ ሊጥ ያለበት እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር።

አሁን ዜናውን ልንገርህ፤ እስካሁን የያዝኩት በእጄ ላይ ትንሽ እንዲቆይልኝ ነው። ያ አብራችሁ ስትታገሉት የከረማችሁት ድንጋይ ተበሳ። ጎረቤቶቹ ሽቦውን ይዘውለት፣ እሱ በግራ እጁ እያዘዘ። ከድንጋዩ ሥር ውኃ መጣ። መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ እንደ አየር ሆነ። ኦሪን ተንበርክኮ ጠጣ። ቀና አልል አለ። ፈራሁ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ምንም» አለ።

«ምን ማለት ነው ምንም?»

«ምንም አይልም፣ ብላዤና! ጨው አይል፣ ሳሙና አይል፣ ምንም!» እያለ ያለቅሳል። እኔም ጠጣሁ። እውነት ነው፤ ምንም ነው። ባቄላው በሰለ። ቡናውም ቡና ሆነ።

ውኃው ሲገኝ ዱቄቴን ምን ታደርጉታላችሁ ላልከው፣ እንዳታቋርጥብን! በዚህ ውኃ ሲበጠበጥ አዲስ መጠጥ ነው፤ ቼሪው ብርጭቆው አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፓስተሩ እንኳ ኪያሩን ቀምሰው ማሰሮውን ይዘው ሄዱ።

ኦሪን በወተት ጣሳ ሞልቶ ውኃውን ልኮልሃል። ክዳኑን ራሱ ነው ያሸገው። «ለአባባ ንጹሑን፣ ምንም ያልተጨመረበትን» ብሏል። ሊቀምሰው አይችልም አልኩት። «ግድ የለም፣ ይድረሰው» አለኝ።

ልጅህ ብላዤና

*

ቬልካ
ሰኔ 5 ቀን 1928

ልጆቼ፣

ጣሳው በደህና ደረሰ። የጣቢያው ሹም ምን ይዞ እንደሆነ ጠይቆኝ «ውኃ» ብለው፣ «ከቬልካ ወንዝ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አቅፌው ወደ ቤት ሄድኩ።

አክስትሽ ብርጭቆ አምጥታ ዛፎቹ ሥር ቁጭ አልን። ፍሬው ቀልቷል፤ ወፎቹ ከእኛ ቀድመው ጀምረዋል። ክዳኑን ስከፍተው ውኃው ውስጥ ቅጠሉና ሰማዩ ገቡ። ለሁለታችን ቀዳሁ።

«አንቺ ቅደሚ» አልኳት። እኔ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።

ጠጣች። አፏን ጠረገች። ሁሉን «ግሩም» የምትለዋ ሴት ትንሽ አሰበችና «ምንም አይልም» አለች። «እንዲያው ንጹሕ፣ ምንም።»

እኔም ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ በጉሮሮዬ ሲወርድ ተከተልኩት። ሽታ ፈለግሁ፣ ጣዕም ፈለግሁ። ምንም።

ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ። «ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ አክስትሽ። ምን ብዬ ልንገራት? አንቺ የቀመስሽውን፣ ኦሪን ተንበርክኮ የቀመሰውን፣ እሷ አጠገቤ ሆና የቀመሰችውን ነው እኔም የቀመስኩት፤ አንዳች ሳይጎድል፣ ያንኑ። እናትሽን ከቀበርኩ ወዲህ ከሰው ጋር አንድ ነገር አብሬ ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሜ ቀዳሁ። እስኪመሽ ድረስ ሁለታችን ሽማግሌዎች እንደ ጠጅ ስንጠጣው ዋልን።

ብላዤና፣ ይህችን ለኦሪን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፦ ልጄ፣ ውኃህ ገብቶኛል።

አባታችሁ ማቴይ